«አትንኳት!» ያሉት ሰው

የጋሽ ሽብሩን ሞት የሰማሁት ተንበርክኬ ሳለሁ ነው። ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ውስጥ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አንዲት የዘጠና ዓመት አሮጊት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ከእግራቸው ሥር ሆኜ ጫማ አጠልቅላቸው ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሥራ ላይ ስልክ ማንሣት ክልክል ነው፤ ግን ጓደኛዬ አስቴር በዚያ ሰዓት ለወሬ እንደማትደውል ስለማውቅ አነሣሁት።

«ሙሉ፣ ጋሽ ሽብሩ አረፉ» አለችኝ። «ተኝተው በዚያው ቀሩ አሉ። ቶርንተን፣ ልጃቸው ቤት።»

ስልኩን ኪሴ መለስኩት እንጂ አልተነሣሁም። አሮጊቷ ከላይ ሆነው ራሴን ዳበስ አደረጉና «ምነው የኔ ማር፣ እግርሽን አመመሽ?» አሉኝ በእንግሊዝኛቸው። «የለም፣ ትንሽ ቆይቼ እነሣለሁ» አልኳቸው። የወደቀ ሰው ለመነሣት መቸኮል እንደሌለበት ያስተማሩኝ ጋሽ ሽብሩ ናቸው። ዛሬ በሁለት ጉልበቴ ቆሜ እንጀራዬን የምበላውም በእሳቸው ነው።

ጋሽ ሽብሩ ደሴ ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። ዲቪ ደርሷቸው ከሴት ልጃቸው ጋር ዴንቨር ሲገቡ ሃምሳን አልፈዋል። ረጅምና ቀጭን፣ ከሰልባጅ የገዙትን ወፍራም ካፖርት በጋ ከክረምት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። አንድ ነገር ሊያዝዙ ሲሉ እጃቸው ወደ ደረታቸው ይሄዳል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ፊሽካ የተንጠለጠለበት ቦታ ነው። ፊሽካው እንደሌለ ሲያስታውሱ የካፖርታቸውን ቁልፍ እንደመቆለፍ ያደርጉና እጃቸውን ይመልሱታል።

እዚህ ያገኙት ሥራ ከኤርፖርት ወደ ተራራው፣ በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ ስኪ የሚሄዱ ቱሪስቶችን በቫን ማመላለስ ነበር። ጠዋት ያደርሳሉ፣ ማታ ይመልሳሉ። በመሃል ያለውን ሰዓት ሌሎቹ ሹፌሮች ቫን ውስጥ ተኝተው ወይ ካርታ ተጫውተው ይገፉታል። ጋሽ ሽብሩ ግን መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን ቀን ከቁልቁለቱ ሥር ቆመው ሰዎቹ ሲንሸራተቱ አዩ። የሁለተኛውን ቀንም አዩ። በሦስተኛው ቀን ስኪውን፣ ያንን ከጫማ ሥር የሚታሰር ረጅም ሳንቃ፣ ተከራይተው አጠለቁት። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ሐበሻው «ሰውዬው ለየላቸው!» አለ። አንዲት ሴትዮ ፓርኪንጉ ላይ ቆመው «እግዜር የሰጣቸው ሁለት እግር አልበቃ ብሏቸው ሁለት ሳንቃ ጨመሩበት» ሲሉ እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ሰው ሲያገኙ ከፊቱ በፊት ጉልበቱን ያያሉ። አንድ ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ ለእስክስታው እያጨበጨበ፣ እሳቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሙሽራው ግራ ጉልበቱን ቢጠብቅ ጥሩ ነው» ብለውኛል። የተዋወቅነውም በዚሁ ነው። ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ ሕንፃ ውስጥ እሳቸው ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ሁለተኛ ፎቅ እንኖር ነበር። አንድ ቀን የልብስ ቅርጫት ታቅፌ ደረጃውን በጎኔ ስወርድ ከታች ቆመው አዩኝ።

«ቀኙ ነው አይደል?» አሉኝ፣ ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳይሉ።

ቀኙ ነበር። ያኔ ደብል ሺፍት እየሠራሁ፣ በቀን ስንት ሰው ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ መታጠቢያ እያነሣሁ፣ ጉልበቴ ማታ ማታ ያብጥ ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ «እረፊ» አለኝ። ማረፍማ ማንን አስጠላው! አዋሳ ያሉት እናቴና ሁለት ወንድሞቼ የሚጠብቁት እኔን ነው፤ የምሠራው ሥራ ደግሞ የሚጠብቀው ጉልበቴን ነው። ይህንን ሁሉ ለማላውቃቸው ሰውዬ ደረጃ ላይ ቆሜ ዘረገፍኩት።

«በይ እስቲ ቅርጫቱን መሬት አድርጊውና በሽተኛ ነው ብለሽ አንሺው» አሉኝ።

አነሣሁትና ወደ መኪናዬ ዞርኩ።

«ይኸው!» አሉ፣ ከኋላዬ አርባ ተማሪ የቆመ ይመስል። «እግሯ እዚያው ተተክሎ ገላዋ ብቻ ዞረ። በመካከል ማን ተጠመዘዘ? ጉልበት። ልጄ፣ ጉልበት የሁለት ጌቶች ሎሌ ነው። ከላይ ዳሌ አለ፣ ከታች ቁርጭምጭሚት አለ። እነሱ ሲሠሩ ሎሌው አይደክምም። እነሱ ሲለግሙ ሁሉም በሱ ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ እግርሽን አዙሪ፣ ገላሽ ይከተልሻል።»

ያንን የልብስ ቅርጫት ሃያ ጊዜ ሳያስነሡኝ አልለቀቁኝም። ልብሱ ሳይታጠብ መሸ። በሳምንቱ ግን ማታ ማታ የነበረው እብጠት ጎደለ። ደስ ብሎኝ ልነግራቸው ስወጣ «ገና ነሽ» አሉኝ። «ስህተትሽን ቤት ውስጥ አታይውም፤ ወለሉ ይሸፍንልሻል። በረዶ ግን አይሸፍንም። ኦፍ ስትሆኚ ተራራ ልውሰድሽ።»

«ጋሽ ሽብሩ፣ ያለችኝን ጉልበት እዚያ ላይ ልሰብራት ነው?»

«እንዳትሰብሪያት ነው እንጂ።»

እምቢ አልኩ። የጎተተችኝ አስቴር ናት። አስቴር አብራኝ መጦሪያው የምትሠራ፣ ሳቋ ኮሪደሩን የሚሞላ ልጅ ናት። በረዶ ላይ ፎቶ ተነሥታ አገር ቤት መላክ አምሯት በፊልም የሚሠራ ካሜራ ገዝታ ነበር። ባሏ ደረጀም ከጋሽ ሽብሩ ጋር ቫን ይነዳል። አንድ ማክሰኞ አራታችንም ኦፍ ሆነን ወጣን።

መንገድ ላይ ደረጀ ከፊት ተቀምጦ ያወራል። ደረጀ ደግ ነው፤ ደግነቱን ግን ሰው እንዲያውቅለት ይወዳል። «ጋሽ ሽብሩን እኮ የመጀመሪያ ዓመት በረዶ ላይ ወድቀው ያነሣኋቸው እኔ ነኝ» አለን። «ሌላ ሰው አልነበረም። ሮጬ በክንዳቸው ብድግ! እኔ ባልኖር እዚያው ደርቀው ይቀሩ ነበር። አይደለም ጋሽ ሽብሩ?»

«እግዜር ይስጥህ» አሉ ጋሽ ሽብሩ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ።

ደረስንና የተከራየነውን ሁሉ ተሸክመን ለጀማሪ የተተወው ሜዳ ላይ ቆምን። እኔ በአንዴ ቁልቁል የምንለቀቅ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ሽብሩ ግን እጃቸውን ወደ ደረታቸው ላኩና መለሱ። «ዛሬ መጀመሪያ የምንማረው መውደቅ ነው» አሉ።

«መውደቅማ ማን ያቅተዋል?» አለ ደረጀ።

«ሁሉም ያቅተዋል። ስለሚያፍር። እጅ ከፊት ይሁን፣ የሻይ ትሪ እንደያዛችሁ። ጉልበት ለስለስ ይበል፣ አይገተር። ወደ ኋላ አትቀመጡ፣ ከኋላችሁ ወንበር የለም። ሊጥላችሁ ከሆነ ይጣላችሁ፤ እግራችሁን ሰብስባችሁ በጎናችሁ ተኙለት። ከወደቃችሁ በኋላ ደግሞ መንሸራተቱ ሳያበቃ ማንም እንዳይነሣ።»

ያን ሁሉ መንገድ መጥተን አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ሕፃን ስንንከባለል ቆየን። አስቴር ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊልሟን በሙሉ ጨረሰችው። ከዚያ ስኪውን አጠለቅንና ቀስ እያልን መውረድ ጀመርን። የመጀመሪያው ሆነልኝ። ሁለተኛውም ሆነልኝ። እኔ ደግሞ ትንሽ ሲሆንልኝ ብዙ የሆነልኝ የሚመስለኝ ሴት ነኝ፤ በሦስተኛው ራሴን ቁልቁል ለቀቅኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። ፍጥነቱ ሲጨምር ፈራሁ፣ ስፈራ ከኋላዬ ወንበር እንደሌለ ረስቼ ተቀመጥኩ።

የግራው ስኪ ወልቆ ሄደ። የቀኙ ግን እግሬ ላይ እንዳለ ከኋላዬ ተጠምዝዞ፣ እኔ በጎኔ ቁልቁል እየተንሸራተትኩ፣ ከታች የቆሙት ፈረንጆች ሁሉ ሲያዩኝ ታየኝ። ስቃዩ አልተሰማኝም፤ የተሰማኝ ኀፍረት ነው። መንሸራተቴ ገና ሳያበቃ ልነሣ ተፍጨረጨርኩ። አስቴር «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» እያለች ትሮጣለች። ደረጀ ቀድሟት ደርሶ ብብቴ ሥር እጁን አስገባ።

«አትንኳት!»

ያንን ድምፅ ከጋሽ ሽብሩ ሰምቼው አላውቅም። ደሴ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪ በሙሉ ቀጥ ያደርግ የነበረው ድምፅ መሆን አለበት። ደረጀ እሳት እንደነካው እጁን አነሣ። አስቴር ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ጋሽ ሽብሩ አልሮጡም። በጎን በጎን እያሉ፣ ቀስ ብለው ወረዱና ከእኔ ዝቅ ብለው ቆሙ። «ተረፍሽ ወይ?» አላሉኝም። «እኔን» አላሉኝም።

«ሙሉነሽ፣ ቀኝ እግርሽ የት ነው?»

አሰብኩ። ከበታቼ የሆነ ቦታ አለ፤ የት እንደሆነ ግን አላውቀውም። «እንጃ» አልኳቸው።

«የት እንዳለ የማታውቂውን እግር ይዘሽ ልትነሺ ነበር?»

በስኪ ዱላቸው ጫፍ ከተረከዜ በስተኋላ ያለውን ማሰሪያ ተጫኑት። ስኪው ቀጭ ብሎ ወለቀ። እግሬም እንደተፈታ ጥጃ በራሱ ወደ ቦታው ተመለሰ። «አሁን ትንሽ ተኚ» አሉኝ። «ሰው ያያል አትበይ፤ ያየሽ ሰው ነገ ጉልበት አያበድርሽም።» ተኛሁ። ቆይተው ሁለቱንም እግሬን በቁልቁለቱ ላይ አግድም እንዳደርግ፣ ጉልበቴን እንዳጥፍ፣ እጄን ከዳሌዬ ጎን እንድተክል ነገሩኝ። ተነሣሁ። ጉልበቴ ትንሽ ቆረጠመኝ፣ ግን ያዘኝ። በማግስቱ ሺፍቴ ላይ ነበርኩ።

ያን ቀን ግን ማናችንም አላመሰገንናቸውም። ስንመለስ አስቴር ከቤት ያመጣችውን ድፎ ዳቦ ቆራርሳ ለሁላችንም ሰጥታ፣ ለእሳቸው የሰጠቻቸው በመጨረሻ ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው ወድቆ ‹አትንኳት› ይባላል?» አለቻቸው። «እኛ አገር የወደቀ ጠላት እንኳ ይነሣል።»

«ይነሣል አስቴርዬ። ልክ ነሽ» አሉ ጋሽ ሽብሩ። ዳቦውን ተቀብለው ባረኩና በሉ።

እኔም በልቤ ከአስቴር ጋር ነበርኩ። ስወድቅ «እኔን» ሳይሉኝ መቅረታቸው አንጀቴን አሳርሮት ነበር። ወሬውም ተዛመተ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጋሽ ሽብሩ «የወደቀ አይነካም» የሚሉት ጨካኝ ሆነው ቁጭ አሉ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን አሳጠርኩባቸው። እሳቸው ግን እንደ ወትሮው ጉልበቴን አይተው «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ብለው ያልፋሉ።

ነገሩ የተገለጠልኝ በዚያው ዓመት ስቅለት ላይ ነው። ሰው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ እየሰገደ፣ ጋሽ ሽብሩ ግን ከኋላ በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጠገቤ ያሉ ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። «በረዶ ላይ ሲሆን ይሮጣሉ፤ ለስግደት ሲሆን ወንበር ያምራቸዋል።» እሳቸውም ሰምተዋል፤ ወንበራቸው ከእኛ ሩቅ አልነበረም። ቀኑ ወደ ከሰዓት ሲያዘነብል ጉልበቴ መዛል ሲጀምር አይተው ጎንበስ አሉና «ከዳሌሽ ጀምሪ፤ ጉልበት በመጨረሻ ነው የሚደርሰው» አሉኝ።

ድካሙም ጾሙም ነበር መሰለኝ፣ ከአፌ አመለጠኝ። «እርስዎ ይህን ያህል ካወቁበት ለምን አይሰግዱም ታዲያ?»

ፊታቸውን ወደ መቅደሱ አዞሩ። ሰው ተሰነባብቶ ስንወጣ ግን ደጅ ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የግራ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ወደ ላይ ሰበሰቡት። ጉልበታቸው በላስቲክ ማሰሪያ ተጠፍሯል፤ ከማሰሪያው በላይና በታች አብጧል።

«እዚህ ድረስ ይታጠፋል» አሉኝ፣ ግማሽ ያህል አጥፈው እያሳዩኝ። «ለቀላል ቁልቁለት ይበቃኛል። መሬት ድረስ ግን አይደርስም። ልስገድ ብል እዚያው እቀራለሁ።»

«ምን ሆነው ነው?»

«ወድቄ።» ማሰሪያውን ጠበቅ አደረጉ። «መውደቁስ ምንም አላደረገኝም ነበር። ስኪው ከበታቼ ተጠምዝዞ ነበር፤ ገና መንሸራተቴ እንዳበቃ፣ እግሬ የት እንዳለ ሳላውቅ አንድ ሰው ደረሰና በክንዴ ብድግ አደረገኝ። ሲሰበር የሚሰማ ድምፅ አለ፤ እሱን ሰማሁ።»

ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቫን ውስጥ የሰማሁት ወሬ ሁሉ መጣብኝ። ሮጬ፣ በክንዳቸው፣ ብድግ።

«ደረጀ ያውቃል?»

«ከየት ያውቃል? ቁርጥማት ነው ብዬዋለሁ።»

«ለምን አይነግሩትም? ሰው እንዲህ ሲያማዎት?»

«ምን ብዬ ልንገረው? በፍቅርህ ሰበርከኝ ልበለው?» ሱሪያቸውን ቀስ አድርገው መለሱት። «ብነግረው ከዚያ በኋላ የወደቀ ሰው ሲያይ እግሩ ይተሳሰርበታል። እኔ አንድ ጉልበት ነው ያጣሁት፤ እሱን ብነግረው አንድ ደግ ሰው ይጎድላል። እንዳትነግሪው፣ ሙሉነሽ። በይ በዚህ ቀን ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁ። አልቅሼም ነበር። የእኔ ጉልበት እንዳይሄድ ብለው ጮኹ፣ ጨካኝ ተባሉ፣ ስማቸውን ሊያጠራላቸው የሚችለውን አንድ ነገር ደግሞ ለደረጀ ሲሉ ዋጡት። እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታ ስቆጥብባቸው ነበር። እጃቸውን ልስም ስል «ተይ እባክሽ፣ ጎንበስ ስትይ ወገብሽን ነው የምትሰብሪው» ብለው አሳቁኝ።

ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት አብሬያቸው ተራራ ወጣሁ። አስቴርም አኩርፋ አልቀረችም፤ እንዲያውም ከእኔ ተሽላ ዛሬ ልጆቿን የምታስተምረው እሷ ናት። መጦሪያው ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር አሠልጥኚ የሚሉኝ እኔን ነው፤ የልብስ ቅርጫት አስመጥቼ «በሽተኛ ነው ብለሽ አንሺው» እላለሁ። እናቴን ጧሪ አላሳጣኋትም፤ ወንድሞቼም ተማሩ። ጋሽ ሽብሩ ጡረታ ወጥተው ቶርንተን ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ ልጠይቃቸው ስሄድ በር ከፍተው የሚያዩት አሁንም ጉልበቴን ነበር።

ለቅሶው ላይ ሳሎኑ ሞልቶ ፍራሽ መሬት ተነጥፎ ነበር። ደረጀ ከግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። ሽማግሌዎቹ አልቻሉም። «በቃ ደረጀ! በቃ እንጂ፣ ልጃቸውን ታስለቅሳታለህ» አሉና ሁለቱ ግራና ቀኝ ብብቱ ሥር እጃቸውን አስገቡ።

እጄ ወደ ደረቴ ሲሄድ ተሰማኝ።

«አትንኩት» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አስቴርም አየችኝ፤ ያን ቀን በረዶው ላይ እንደደረቀችው ደርቃ።

«ተዉት እባካችሁ፤ ሲበቃው ራሱ ይነሣል» አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ እያጉረመረሙ ለቀቁት። እኔም ከዳሌዬ ዝቅ ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ደረጀ ለረጅም ጊዜ አለቀሰ። ከዚያ በፎጣ ፊቱን ጠረገና «ያኔ ሲወድቁ ማንም አልነበረም፣ ሙሉ» አለኝ። «እኔ ነኝ ያነሣኋቸው።»

በስቅለት ዕለት ደረጃው ላይ ያሳዩኝ ጉልበት ትዝ አለኝ። እውነቱን ይዞ የቀረ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። የለቀስተኛው ግማሽ ጋሽ ሽብሩን ያማቸው የነበረ ነው፤ አንድ ቃል ብናገር ስማቸው እዚያው ይጠራላቸው ነበር።

«አውቃለሁ» አልኩት። «አንተ ነህ ያነሣሃቸው።»

«ያስታውሱት ነበር ይሆን?»

«‹እግዜር ይስጠው› ይሉ ነበር» አልኩት። ይህ ውሸት አልነበረም፤ በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁለቱንም እግሩን ወደ አንድ ጎን ሰበሰበ፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ እጁን ከዳሌው ጎን ተከለና ቀስ ብሎ ተነሣ። እጄን የዘረጋሁለት በሁለት እግሩ ከቆመ በኋላ ነው።